የጎላ ሜዳ ሰዎች የቆሙልን ቀን

እኛ ሸንኮሬዎች ጠዋት ጠዋት ወደ እርሻ የምንወርደው ለመቆም ነው። ማረሱን ማሽን ያርሳል፣ አረሙን ማሽን ይነቅላል፣ ወፉንም ማሽን ያባርራል። የኛ ሥራ መቆም ነው፤ ሰው ያልታየበት ማሳ ላይ አይዘንብማ። በአያቶቻችን ጊዜ ዝናብ ዝም ብሎ ይመጣ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይሰፍረው። ይህን ለልጆች ስንነግራቸው የቀለድን ይመስላቸዋል።

አሁን ዝናብ በተራ ነው። ከተማ ያለው ክፍፍል የሚባለው መሥሪያ ቤት ለየቀበሌው ቀንና ሰዓት ቆርጦ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ አገር ጥለው ከተማ የገቡ ሰዎች ጦም ባደረ መሬታቸው ዝናብ እየወሰዱ ስላስቸገሩ ሕግ ወጣ፦ እኩለ ቀን ላይ ማሳው ላይ ሰው መኖር አለበት። ባለቤቱ ይሁን ዘመዱ፣ ወይ መንገድ የሳተ እንግዳ፣ አይጠየቅም። ብቻ ልቡ የሚመታ ሰው ይሁን። ለዚህ ነው ሁላችንም አንገታችን ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር የምናንጠለጥለው። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ቁልፉን በግ አንገት ላይ አስሮ ቤቱ ተኝቶ ዋለ። ወዲያው ታወቀበት። ይኸው እስከ ዛሬ "በጌ" ነው የምንለው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በየማሳው ይገኛል፤ ሴቱ እንዝርቱን ይዞ፣ ወንዱ ወሬውን ይዞ። ከድንበር ድንበር እየተጯጯህን እናወራለን። የተጣላ ሰውም ቢሆን ጎን ለጎን መዋሉ አይቀርምና ሳይወድ ይታረቃል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቁልፏ ሞቅ ትላለች፤ ተቆጠርን ማለት ነው። ከዚያ ምሳችንን በልተን እንበተናለን። መሬቱን በእጃችን ሳንነካው የምንመለስበት ቀን ይበዛል። መጀመሪያ ቅር ይለን ነበር፣ አሁን ለመድነው።

እኔ ፌቨን እባላለሁ፤ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። የሸንኮሬ የዝናብ አባት ነኝ። ድሮ የመስኖ ውሃ በተራ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባል ነበር፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ሴት ስትሾምበት ስሙን ለመቀየር የተጨነቀ አልነበረም። ባሌ በሕይወት ሳለ "አባቴ፣ ራት ደርሷል?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ሥራዬ ተራችንን መጠበቅ፣ ዝናቡ ሲመደብልን "እንቀበላለን" ብሎ መጫን፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ መጮህ ነው። መጮህ እችላለሁ።

አሁን የማወራላችሁ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የሆነውን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን አዝመራ በረዶ መትቶብን የሰበሰብነው ከገለባ ብዙም አያልፍም ነበር። የክፍፍሉ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ምርቱ ከተቆረጠው መስመር በታች የሆነ ቀበሌ ከዝናብ ዝርዝር ይሰረዛል። ተሰረዘ ማለት አበቃ ነው። ከወንዙ በታች ያለችው ቆቃ ስድስት ዓመት ሆናት ከተሰረዘች። ዛሬ ቤቶቹ አሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑም አለ፣ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ጤፋችን ፍሬ የሚይዝበት የመጨረሻው ዝናብ፣ የሐሙሱ ዝናብ፣ ለኛ የሞት ሽረት ነበር።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ያብስራ አረፉ።

ከኔ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዝናብ አባት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ክፍፍሉን እንዴት እንደሚለማመጡት፣ ሰነፉን እንዴት ከአልጋው እንደሚያስነሱት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ማሳቸው ላይ ቆመው አየኋቸው፤ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን ጣቴ ቀኑን ይቆጥር ነበር፤ ማክሰኞ ቀብር፣ ረቡዕ ለቅሶ፣ ሐሙስ ለቅሶ። ሁለት ቀን በተከታታይ ግማሽና ከዚያ በላይ ማሳው ባዶ ከሆነ ተራው ለቀጣዩ ቀበሌ ይተላለፋል፤ ለኛ ቀጣይ ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎላ ሜዳ ናት። ማክሰኞና ረቡዕ ባዶ ከዋልን፣ ረቡዕ ማታ የሐሙሱ ዝናብ የኛ አይደለም።

በሸንኮሬ ደግሞ ለቅሶ መቅረት የማይታሰብ ነው። ሰው ከሠርግ ይቀራል፣ ከስብሰባማ ሁሌም ይቀራል። ከለቅሶ ግን አይቀርም፣ ሦስቱን ቀን ድንኳን ተቀምጦ ነው የሚውለው። ስለዚህ ወደ ክፍፍሉ ደወልኩ።

"እግዜር ያጥናችሁ" አለችኝ የክፍፍሉ ድምፅ። ሰው አይደለችም፤ ግን ከብዙ ሰው የተሻለ ማጽናናት ታውቃለች።

"አሜን። የለቅሶ ፈቃድ ፈልገን ነበር፤ ለመቶ አርባ ማሳ።"

"ሟች ለባለማሳዎቹ ምናቸው ናቸው?"

"ለሚስታቸው ባል ናቸው። ለሁለት ልጆቻቸው አባት ናቸው።"

"ለሦስቱ ፈቃድ ተሰጥቷል። ለሌሎቹስ?"

"ጎረቤት ናቸው።"

"ለጎረቤት የተቀመጠ ፈቃድ የለም።"

"ይቀመጣ ታዲያ!" አልኩኝ ጮክ ብዬ።

"አስተያየትዎ ተመዝግቧል። በድጋሚ እግዜር ያጥናችሁ።"

ስልኩን ልወረውረው ነበር። ደግነቱ አዲስ ነው፣ አሳዘነኝ።

ማክሰኞ ቀበርናቸው። ቄሱ ጸሎቱን ሊያሳርጉ ጥቂት ሲቀራቸው ስድስት ሰዓት ሞላ። በየሰዉ አንገት ላይ ያለችው ቁልፍ ሁሉ በአንድ ድምፅ "ማሳዎ ላይ አይደሉም" አለች። የቄሱም አንገት ላይ ያለችው እንደዚያው አለች። ከዚያ ደገመችው፤ ሦስት ጊዜ ነው የምትለው። ማንም አልተነቃነቀም። አንድ ሰው እንኳ ወደ ቁልፉ እጁን አልሰደደም። ቄሱ ዝም እስክትል ጠብቀው ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔ ሕዝቤን ሳየው ኮራሁበት፣ ደግሞም አንድ በአንድ ባንቀው ደስ ባለኝ።

ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ውስጥ ተነሳሁ። ተነስቼ መናገር የኔ ግዴታ ነው።

"ጎረቤቶቼ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ሰባ አንድ ሰው ማሳ ላይ ካልተገኘ የሐሙሱ ዝናብ ወደ ጎላ ሜዳ ይሄዳል። ጤፉ ባዶውን ይቀራል። እንሰረዛለን። ግማሻችን ወርደን እንቁም፤ ግማሻችን እንቀመጥ። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ተመልሰን እናለቅሳለን።"

ናሆም የሚባለው፣ ከማሳዬ በላይ ያለው ጎረቤቴ፣ "ሰባ አንዱ እነማን ይሁኑ?" አለ።

"አንተ ጀምር እስቲ።"

"እኔማ አልችልም። ቤቴ የተቃጠለ ጊዜ ሦስት ወር ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው ፈልጊ።"

ሌላ ሰው ፈለግሁ። አንዷ ልጇን ክርስትና ያነሱላት እሳቸው ናቸው። አንዱን ከወንድሙ ጋር ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። በጌ እንኳ፣ ያ የበጉ ባለቤት፣ "ክፍፍሉ ሊቀጣኝ ሲል ተማልደው ያስጣሉኝ ጋሽ ያብስራ ናቸው፤ እኔማ ንቅንቅ አልልም" አለ። ወይ ጉድ! ዕጣ እናውጣ አልኩ፤ ዕጣውን የሚያወጣ ጠፋ። በመጨረሻ ባለቤታቸው እትዬ ሶልያና ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

"ተነሱ እንጂ! ያብስራ ቢኖር በዱላ ያስነሳችሁ ነበር። ዝናቡን ጥላችሁ እዚህ ብትቀመጡ እሱ ደስ የሚለው ይመስላችኋል?"

እሳቸው ይህን ሲሉ ድንኳኑ በሙሉ ለቅሶ በለቅሶ ሆነ። ለቅሶው ሲበርድ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ይብሱን ተደላድሎ ተቀመጠ። በቃ፣ ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት ብቻዬን ከድንኳኑ ወጣሁ። አንድ ሰው ሰባ አንድ አይሆንም። ግን የዝናብ አባት ተብዬ ቢያንስ የራሴን ማሳ ባዶ ላላስቆጥር ወሰንኩ። ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ፤ "ሰው ሞቶ እሷ ጤፏ ላይ ቆመች" ይላሉ። አሳፈረኝ። እያፈርኩም ሄድኩ።

ማሳዬ ጋ ስደርስ ከወንዙ ማዶ ብዙ ሰው ሲወርድ አየሁ። ጎላ ሜዳዎች ናቸው። ጥቁር የለበሱም ነጭ የለበሱም፣ ሴቱም ወንዱም፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌም አለበት። ለቅሶ ሊደርሱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መንገዱ ግን ወደ ላይ ነው፣ ወደ ድንኳኑ። እነሱ ወንዙን ተሻግረው ወደ ማሳችን ተበተኑ። አንዱ የናሆም ማሳ ላይ ቆመ። ሁለት ሴቶች የጋሽ ያብስራ ማሳ ጋ ሄደው አንዷ ገባች፣ ሌላዋ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ደሜ ፈላ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከጎላ ሜዳ ጋር አራት ዓመት ሙሉ ተኳርፈናል። ጥፋቱ የኛ ነው። የኔ ነው ልበል። ያኔ የነሱ መሪጌታ ሞተው እነሱም እንደኛ ድንኳን ተቀምጠው ሁለት ቀን ማሳቸው ባዶ ዋለ። ዝናባቸው ወደኛ ዞረ። ክፍፍሉ "ትቀበላላችሁ?" አለኝ፤ "እንቀበላለን" ብዬ ተጫንኩት። ሕግ ነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ከወንዙ ወዲህ እየዘነበ ከወዲያ አቧራው ይነሳ ነበር። በገበያ ስንገናኝ ሰላምታ አቋረጡን፤ እኛም ምን አጠፋን ብለን አቋረጥናቸው። እነሆ ደግሞ ዛሬ መጡብን ብዬ አሰብኩ። ዝናቡ ወደነሱ እስኪዞር ቆመው ሊያዩን፣ እኛው ማሳ ላይ ሆነው ሊስቁብን።

አቤኔዘር ወደኔ መጣ። የጎላ ሜዳ የዝናብ አባት ነው፤ እኩያዬ ነው፣ ልጅ ሆነን አንድ ትምህርት ቤት ነበርን።

"ምን ልታደርጉ ነው የመጣችሁት?" አልኩት። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

"ልንቆም።"

"የት?"

"እዚሁ። ማሳችሁ ላይ።"

"ለምን?"

"ለምን ትያለሽ አንቺ ደግሞ?" አለ ተናድዶ። "ቁጥሩ እንዲሞላ ነዋ! ትናንት ማታ ክፍፍሉ 'ዕድለኞች ናችሁ፣ የሸንኮሬ የሐሙስ ዝናብ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል' ብሎ ላከልን። ሰው ሞተባቸው ማለት ነው ብለን ጠየቅን። ጋሽ ያብስራ ናቸው አሉን።"

"ቤታችሁ ብትቀመጡ ዝናቡ የእናንተ ነበር።"

"እሱንማ እናውቃለን።"

"የእናንተስ ጤፍ?"

"የኛም ጠምቶታል። የባለፈው ሳምንቱ ተራችን ንፋስ ወስዶት ግማሹ ገደል ነው የዘነበው። ተይው እሱን።"

"ያኔ እኮ እኛ..." ስል አቋረጠኝ።

"ያኔ እናንተ ተቀበላችሁ። አዎ። ጎላ ሜዳ የሚረሳው የለም። ግን ያኔ አንድ ሰው መጥቶልን ነበር። ሁላችን ድንኳን ስንቀመጥ ጋሽ ያብስራ ብቻቸውን ወንዙን ተሻግረው የኔ ማሳ ላይ ቆመው ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ድንኳን ገብተው እግዜር ያጥናችሁ ሲሉን ነው የነገሩን። 'ቁጥሩ አይሞላም፣ አውቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ ማየት ስላቃተኝ ነው' አሉን። ለእናንተ አልነገሯችሁም?"

አልነገሩንም። ያን ቀን ማሳቸው ባዶ መዋሉን ግን አስታወስኩት። እኔ ነበርኩ "ጋሽ ያብስራ አርጅተው መቆም ሰለቻቸው" ብዬ የሳቅሁት። እዚያው ጤፉ መሃል ቆሜ እንባዬ ወረደ። አቤኔዘር ዞር አለልኝና ሰማዩን የሚያይ መሰለ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ቁልፏ አንገቴ ላይ ሞቅ አለች። ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ የጎላ ሜዳ ሰዎች እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ሲዳስሱ አየሁ። ከዚያ ቁጥሩ ስልኬ ላይ ወጣ፦ ሸንኮሬ፣ ዘጠና ሰባት ሰው። ዘጠና ስድስቱ የነሱ፣ አንዷ እኔ። "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ፤ ለቅሶ መሆኑን ያስታወስኩት ከጮህኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በሥርዓቱ ለቅሶ ደረሱ። ተሰልፈው፣ ሙሾ እያወረዱ ወደ ድንኳኑ ወጡ። የኛ ሰዎች ምንም አያውቁም፤ ጎላ ሜዳዎች ከአራት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ሲመጡ አይተው ዓይናቸው ፈጠጠ። ነገሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስጨርስ እትዬ ሶልያና ተነስተው የአቤኔዘርን ራስ ሳሙ። ናሆም ማሳው ላይ የቆመለትን ሰውዬ እጁን ይዞ አልለቀውም አለ። ንፍሮ ቀረበ፤ አብረን ቆረጠምን። ማንም ንግግር አላደረገም። እግዜር ይስጣቸው፣ ንግግር የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

ማታ ላይ ጎላ ሜዳዎች ሲመለሱ የክፍፍሉ ድምፅ መጣች። "የሐሙሱ ዝናብ የሸንኮሬ ሆኖ ጸንቷል። የሚዘንበው ለስድስት ሰዓት ነው። ትቀበላላችሁ?" ስልኬ ላይ ከሥሩ ሌላ ምርጫ አለ፤ "ለተዋሳኝ ቀበሌ አካፍል፣ እስከ ግማሽ" ይላል። በዝናብ አባትነት ዘመኔ ነክቼው አላውቅም። ጋሽ ያብስራም ነክተውት አያውቁም፤ ዝናብ የሚተርፈው ሰው የት አለ?

ፈራሁ። ደግ ናት እንዳትሉኝ፣ በጣም ነው የፈራሁት። ስድስቱን ሰዓት ካገኘን መስመሩን እናልፋለን። ሦስት ሰዓት ብቻ ከሆነ ምናልባት። ከምናልባት ወዲያ ቆቃ ናት። በኔ ጣት መቶ አርባ ቤት ይፈርስ ይሆናል። ስለዚህ ድንኳን ገብቼ ጠየቅኳቸው፤ የሚሆነውንም የማይሆነውንም አልሸሸግኩም።

እትዬ ሶልያና "ሦስቱን ስጫቸው" አሉ።

ናሆም "ምን ትጠይቂናለሽ? ተጫኚው እንጂ!" አለ። በጌ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው ብሎ ተቆጣኝ። እሱ ሲቆጣኝ የመጀመሪያው ነው፤ ደስ አለኝ። ተጫንኩት።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አልተሰረዝንም። ጤፉ አልበዛም፤ ጎተራው አፉ ድረስ አልሞላም። መስመሩን በትንሽ አለፍን፤ ጎላ ሜዳም እንደዚሁ አለፈች። ዓመቱን በሁለቱም ቀበሌ ቀጭን እንጀራ እየበላን ከረምን። እኔ በበኩሌ እንዲህ የጣፈጠኝ እንጀራ የለም።

ሐሙስ ቀን ግን ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። ሁላችንም ድንኳን ውስጥ ነን፤ አንድ ቀን ብቻ ባዶ መዋል ተራ አያስነጥቅም። ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ የድንኳኑን ሸራ ሲመታው ለቅሶው እንኳ አልተሰማም። ሰው እያለቀሰ እጁን ወደ ውጪ እየዘረጋ ያረጥባል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሸማዬን ደርቤ ወንዙ ዳር ወዳለው ማሳዬ ወረድኩ። ለጎላ ሜዳዎች አልነገርናቸውም። ብንነግራቸው እምቢ እንደሚሉ እናውቃለን።

ከወንዙ ማዶ ደረቅ ነው። ዝናቡ የሚያቆመው ውሃው መሃል ላይ ነው። አቤኔዘር ማሳው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ እንደ ዘወትሩ ቀኑን ሊያስቆጥር። ሲያየኝ እጁን አነሳልኝ። እኔ እየዘነበብኝ፣ እሱ ፀሐይ ላይ፣ ተያየን። ቁልፋችን ሞቅ አለች። ወዲያው ከራሴ በላይ ያለው ዝናብ ቀጥ አለ። ጭጋጉ ተንቀሳቀሰ፣ ወንዙን ተሻገረ፤ የመጀመሪያው ጠብታ የአቤኔዘርን ባርኔጣ መታው። ባርኔጣውን አወለቀና አየው። ከዚያ ሰማዩን አየው። ከኋላው የነበሩት ሰዎች ሁሉ በየማሳቸው ቀና አሉ።

እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

"ፌቨን! ኧረ ዝናባችሁ ተሳስቶ እኛ ጋ መጣ!"

"አልተሳሳተም!" አልኩት፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። "አልተሳሳተም! ቁሙለት!"